ምክንያትና ውጤትን አያይዞ መጻፍ

በገላጭ ድርሰት ውስጥ ምክንያትን ከውጤቱ ጋር ማያያዝ ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው መካከለኛውን ምክንያት ከዘለለ አንባቢውን ያሳስታል። የሚከተለውን ምንባብ ይህን እያሰባችሁ አንብቡ።

የእሾህ ቁስል

መተማ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የምትዋሰን ናት። አገሩ የግራርና የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጡ ሲታረምና ሲታጨድ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። በባዶ እግሩ የሚሠራ ሰው እሾህ ሲወጋው ነቅሎ ይጥልና ሥራውን ይቀጥላል፤ ከሥራ መቅረት ደመወዝ ማጣት ነውና።

ከእሾሁ ጋር ግን በአፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ወደ ሥጋ ሊገባ ይችላል። በዚህ የሚመጣው በሽታ ማይሴቶማ ይባላል። «የማዱራ እግር» የሚለው ሌላው ስሙ የተገኘው ከደቡብ ህንድ ከተማ ነው። ሱዳን በሽታው እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በካርቱም የተቋቋመው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ግራሩም ሆነ አፈሩ በድንበር ኬላ አይቆሙም። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ጋር የመዘገበው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

እብጠቱ በመጀመሪያ ትንሽና ጠንካራ ነው፤ አያምም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቆዳው በብዙ ቦታ ይበሳል፤ ከቀዳዳዎቹም ከመግል ጋር ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ፍሬ መሰል ነገር ይወጣል። ውሎ አድሮ አጥንቱን ይበላል። ባክቴሪያ ያመጣው በመድኃኒት የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። ሻጋታ ያመጣው ግን አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚወሰድ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ አጥንቱ ክፉኛ ከተጎዳ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ጉልበት ወይም ሌላ መገጣጠሚያ በድንገት ሲያመረቅዝ ነገሩ ሌላ ነው። በሽተኛው ትኩሳት ይይዘዋል፤ እግሩን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። መግሉ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለውን ልስልስ ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ስለሚችል ሐኪሙ ፈጥኖ መግሉን ያወጣል። እዚህ ላይ ሕመሙ ራሱ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ይነዳዋል። ማይሴቶማ እንዲህ ያለ ጠሪ የለውም።

ማብራሪያ

«ሰውየው እግሩን ያጣው እሾህ ስለ ወጋው ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እሾህ የወጋው ሁሉ እግሩን አያጣም። «እብጠቱ ስላላመመው ሳይታከም ቆየ፤ በመቆየቱም ሻጋታው አጥንቱን በላው» ብንል የተዘለለው ምክንያት ይታያል። «እብጠቱ ባያመውም እያደገ ሄደ» ስንል ደግሞ ያው ሕመም ማጣት ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ተቃርኖን ያሳያል። «ስላላመመው» እና «ባያመውም» ከአንድ ግሥ ቢወጡም ሥራቸው የተለያየ ነው።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ምክንያትን የሚያሳዩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ።
2. «ጫማ ስላልነበረው» እና «ጫማ ባይኖረውም» በሚሉት ሐረጎች ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ፤ የትርጉም ልዩነታቸውንም አስረዱ።
3. በአካባቢያችሁ ሰዎች ቶሎ ሳይታከሙት የሚቆዩትን አንድ ሕመም መርጣችሁ፣ የሚዘገዩበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።