ነጭ ሽንኩርት መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው?

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ወርዶ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ማዳበሪያ ላይ የተዘረገፈ ነጭ ሽንኩርት ብዙም አይሸትም። ክምሩ ሥር ቁጭ ብላ የምትመዝነው ሴት እንኳ ሽታው አያስቸግራትም። አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን አድርጎ የሰነጠቃት ገበያተኛ ግን ጣቱ እስከ ማታ ይሸተዋል። የነጭ ሽንኩርት ጥቅም የሚጀምረው ከዚያች ስንጥቅ ስለሆነ ነገሩን ከእርሷ ብንጀምር ይሻላል።

በደህናው ፍሬ ውስጥ ሁለት ነገሮች በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። አንዱ አሊን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሌላው አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ክብሪቱና ሣጥኑ ካልተፋተጉ እሳት እንደማይኖር ሁሉ፣ እነዚህም ካልተገናኙ ምንም አይፈጠርም። ቢላዋ ወይም ዘነዘና ሲያርፍበት ግን ግድግዳው ይፈርሳል፤ ሁለቱ ይገናኙና በሰከንዶች ውስጥ አሊሲን መወለድ ይጀምራል። የሚያቃጥለውም፣ ባክቴሪያና ሻጋታ የሚገድለውም እርሱ ነው። ሉዊ ፓስተር ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያን እንደሚገታ የታዘበው እ.ኤ.አ. በ1858 ነበር፤ አሊሲንን ለይተው ያወጡት ግን ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች ናቸው፣ በ1944።

ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ጉንፋን ብሎ አይደለም፤ አፈር ውስጥ የሚቆረጥመውን ተባይ ለማባረር ነው። የሚገርመው፣ ይኸው መከላከያ ጠላትም ይጠራበታል። የነጭ ሽንኩርትን ሥር የሚያበሰብስ አንድ ሻጋታ አለ፤ ዘሩ ማሳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና ከሥሩ የሚወጣው የድኝ ሽታ ሲደርሰው ይነቃል። ማሳው አንዴ ከተያዘ ገበሬው ነጭ ሽንኩርቱን ትቶ ገብስ ወይም ድንች ወደመዝራት የሚዞረው ወዶ አይደለም።

ወደ ማድቤት እንመለስ። ብዙ ሰው ሽታውን ፈርቶ ወይም ምላሱን እንዳያቃጥለው ብሎ ፍሬውን እንዳለ በውኃ ይውጠዋል። ይህ ከንቱ ድካም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኢንዛይሙን የጨጓራ አሲድ ስለሚያከሽፈው የሚጠበቀው አሊሲን እምብዛም አይፈጠርም። ወይ ማኘክ፣ ወይ መውቀጥ ያስፈልጋል።

እሳትም እንዲሁ ኢንዛይሙን ያከሽፋል። ሙሉ ፍሬ ወደሚፈላ ወጥ መጨመር፣ ወይም ገና እንደተወቀጠ ትኩስ ዘይት ውስጥ መጣል ጣዕሙን ይሰጣል፣ ሥራውን ግን በጅምር ያስቀረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽንኩርቱ ብረት ድስት ላይ ሳይጣድ አስቀድሞ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሊሲኑ ይፈጠራል፤ በኋላ እሳት ሲነካው ከፊሉ ቢጠፋም ከእርሱ የሚወለዱ ሌሎች የድኝ ውሕዶች ይተርፋሉ። ሰው ለቁሌት ሽንኩርት ሲከትፍ በቂ ጊዜ ያልፋልና ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ነጭ ሽንኩርት መዓዛ እንጂ ብዙ አሊሲን አይሰጥም። ጥሬውን የሚፈልግ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ወይም በጾም ከስናፍጭና ከጤና አዳም ጋር የሚሰናዳ ስልጆ አለለት።

ታዲያ ምን ያህል ያድናል? በጣም የሚወራለት በጉንፋን ነው፤ ማስረጃው ግን ከወሬው ያንሳል። እንግሊዝ አገር 146 ሰዎች ለ12 ሳምንታት ተጠንተው ነበር። የነጭ ሽንኩርት ክኒን የወሰዱት 24 ጊዜ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት 65 ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው። ልዩነቱ ያጓጓል፤ ሆኖም አንድ ጥናት አንድ ነው። ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚለው ደግሞ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክፉኛ ተፈትኗል። 192 ሰዎች ለ6 ወር፣ በሳምንት 6 ቀን፣ አንዳንዶቹ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዶቹ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ ሲወጣ መጥፎው ኮሌስትሮል ንቅንቅ አላለም። የተሻለ ማስረጃ ያለው በደም ግፊት ነው። ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 8 ያህል ይወርዳል። ያም ቢሆን በአብዛኛው መጠኑ በታወቀ ክኒን የተገኘ ስለሆነ የሐኪም መድኃኒቱን አስጥሎ ወደ ሙቀጫ የሚያስሮጥ አይደለም።

በሰሜን ጎንደር ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የወባ ጉዳይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ደገኛ ነጭ ሽንኩርት ስንቁ ውስጥ ቢጨምር አያስደንቅም፤ ጥሬውን በእንጀራ መብላት ወባ ያርቃል የሚል እምነት ከድሮ ጀምሮ አለ። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። አሊሲን በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ የወባን ተሕዋስ እንደሚያዳክም ታይቷል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከወባ ዳነ የሚያሰኝ ሙከራ ግን የለም፤ ወባ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ጎንደር ይህን በቅርብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በማግስቱ ዓመት በ1954 ነበር። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር አለበት። ነጭ ሽንኩርት እያኘኩ ሦስት ቀን መጠበቅ ሰው የሚገድል መዘግየት ነው። ዕፅዋትን መናቄ እንዳይመስል፣ ኮአርተም የተባለው የወባ ክኒን ራሱ መነሻው የአሪቲ ወገን የሆነ የቻይና ተክል ነው። ልዩነቱ ከተክሉ ውስጥ የሚሠራው ነገር ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ መምጣቱ ነው።

ጉዳትም አለው። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ጥሬውን ቢበላ ራሱን ያሠቃያል። ነጭ ሽንኩርት የደምን መርጋት ስለሚያዘገይ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ብዙ የሚበላ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። የተወቀጠውን ቁስል ወይም የሕፃን ገላ ላይ አስሮ ማሳደር ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል። ለቡዳ ተብሎ ልጅ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ሙሉ ፍሬ ቢያንስ ይህን አያደርግም። ለሳል በማር የሚለወሰውም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ እዚህ ላይ አስጊው ማሩ ነው፣ የሕፃን አንጀት ሊቋቋመው የማይችል መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ሽታውን በተመለከተ፣ ጥርስ መፋቅ ብዙ የማይረዳበት ምክንያት አለ። ከድኝ ውሕዶቹ አንዱ ከአንጀት ወደ ደም ይገባና በሳንባ በኩል ከትንፋሽ ጋር ለሰዓታት ይወጣል። ያልተገፋ ወተት ከምግቡ ጋር አብሮ ሲጠጣ ሽታውን ይቀንሰዋል፤ ከበሉ በኋላ ቢጠጣም ይረዳል፣ ግን ያነሰ ነው። በጾም ወተት የለምና ያኔ ጥሬ ሰላጣ፣ ፖም ወይም የናና ቅጠል ይበላል፤ ሦስቱም ተሞክረው ሠርተዋል።