የሥራና የዕረፍት የትምህርትም ልክ፤ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሆን ምክር

ሥራ መልካም ነገር ነው። በሥራው ታምኖ የሚኖር ሰው ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ የሰው እጅም ከማየት ይድናል። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ልክ አለው። እህል ሰውነትን ያጸናል፤ ከልክ በላይ የተበላ እንደ ሆነ ግን ሕማም ያመጣል። ሥራም እንደዚሁ ልኩን ባለፈ ጊዜ ሠሪውን ይጐዳዋል። ይህን ትምህርት የጻፍነው ይልቁንም ቀኑን ሁሉ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ፕሮግራም ለሚጽፉ ወጣቶች ነው።

የአናጢ መጋዝ ማታ ከሥራው ቦታ ይቀራል። የፕሮግራመር መሣሪያ ግን በቦርሳው ውስጥ አብሮት ይገባል፤ ያልተፈታው ችግርም በልቡ ሆኖ እስከ ማዕዱና እስከ መኝታው ይከተለዋል። በአዲስ አበባ ተቀምጦ በኒውዮርክ ላለ ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። በዚያ ከጧቱ 3 ሰዓት በሆነ ጊዜ፥ በዚህ እንደ ወራቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። የዚያን አገር ሰዓት ተከትሎ 8 ሰዓት ቢሠራ፥ የሚፈጽመው ከሌሊቱ በ6 ወይም በ7 ሰዓት ነው። ከዚህም ሌላ ሙያው ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ ትምህርቱን የተወ ሠራተኛ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ሥራ፥ ትምህርትና ቤተ ሰብ እንደ ሦስት አበዳሪዎች በአንድ ሰው ደጅ ይቆማሉ። ለሦስቱም የሚገባቸውን ለመስጠት ምን ማድረግ ይገባል?

፩ኛ፤ ሰዓትን መቍጠር። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በየሳምንቱም ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ 48ቱን ለሥራ፥ 56ቱን ለእንቅልፍ ብናደርግ 64 ይቀራል። ለመንገድ በ6 የሥራ ቀን 12 ሰዓት፥ ለምግብና ለቤት ጕዳይ በሳምንት 21 ሰዓት ብናወጣ 31 ሰዓት ይተርፋል። ለልጆች፥ ለወላጆች፥ ለለቅሶና ለሠርግ፥ ለዕድርም የሚሰጠው ከዚሁ ነው። ይህን ያልቈጠረ ሰው ጊዜ አነሰኝ እያለ ሲያማርር ይኖራል፤ ትምህርቱንም ወይ ከእንቅልፉ ወይ ከልጆቹ ይሰርቃል።

፪ኛ፤ እንቅልፍን አለመንፈግ። በ1997 እ. ኤ. አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቈየ ሰው የሥራ ችሎታው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይደክማል። ሰክሮ ፕሮግራም መጻፍ ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በእንቅልፍ ዕጦት ደክሞ የሚጽፈውን ግን ስለ ትጋቱ እናመሰግነዋለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ በሌሊት ተቻኵሎ የተጻፈው ኮድ በማግስቱ ስህተቱን ሲፈልጉ ቀኑን ያስውላል። ኬንት ቤክ የተባለው የታወቀ የዚህ ሙያ ሰው በ1999 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሳምንት 40 ሰዓት መሥራትን ከመልካም አሠራር ደንቦች እንደ አንዱ አድርጎ መቍጠሩ ስለዚህ ነው። የደከመ አእምሮ የሥራውን ጥራት ያጠፋልና።

፫ኛ፤ ትምህርትን በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ። ኄርማን ኤቢንግሐውስ የሚባል የጀርመን ሊቅ የማስታወስን ነገር መርምሮ በ1885 እ. ኤ. አ. እንዳስረዳው፥ በብዙ ቀን ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከተከመረው ይልቅ ይጸናል። ከተረፈው 31 ሰዓት 5ቱን ብቻ፥ በ5 ቀን አንድ አንድ ሰዓት አድርጎ የሚያጠና ሰው፥ በ50 ሳምንት 250 ሰዓት ይማራል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ነገር ግን አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይዝለል፤ ሰኞ ፓይተንን ጀምሮ ረቡዕ ወደ ጃቫ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም አይይዝም።

ደግሞ ሥራው ራሱ ትምህርት ቤት ነው። የባልደረባን ኮድ አስተውሎ ማንበብ፥ የስህተትን ምክንያት እስከ ሥሩ መመርመር፥ በሙያው የሸመገለውን መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ነው። አሠሪው በሥራ ሰዓት መማርን ከፈቀደ በግልጥ ይማሩ፤ ደመወዝ የተከፈለበትን ሰዓት ተሰውሮ ለራስ ጥናት ማዋል ግን የታማኝነት ጕድለት ነው።

፬ኛ፤ ድንበርን በትሕትና ማሳወቅ። ብዙ ወጣት አለቃውን ከማሳዘን ብሎ ለማይችለው ሁሉ «እሺ» ይላል፤ በኋላም ሌሊቱን ሲቃጠል ያድራል። ይልቅ አስቀድሞ፥ «ይህ ሥራ በ2 ቀን አይፈጸምም፤ እስከ ዓርብ ይፍቀዱልኝ፥ ወይም ከሁለቱ የትኛው እንዲቀድም ይንገሩኝ» ብሎ እውነቱን ቢናገር ለሁለቱም ይጠቅማል። አገልግሎቱ በሌሊት የተበላሸ እንደ ሆነ መነሣት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ይህ በተራ ይሁን፥ የነቃውም በማግስቱ ይረፍ። በኒውዮርክ ሰዓት የሚሠራም የጧት እንቅልፉን እንደ ሥራው ያክብር፤ ቤተ ሰቡም ሰዓቱን ይወቁለት።

ይህን ስንል ለሰነፍ ምክንያት መስጠታችን አይደለም። ዕረፍትን ሰበብ አድርጎ ሥራውን የሚበድል ሰው የሌላውን እንጀራ ይበላል። ትጋትን ሰበብ አድርጎ ቤቱን የሚበድልም ከዚያ አይሻልም። ልጅ የአባቱን ወይም የእናቱን ፊት ሳይሆን ጀርባ ብቻ እያየ ቢያድግ፥ ያ ዕዳ በደመወዝ ጭማሪ የሚከፈል አይደለም፤ ኮድ ነገ ይታረማል፥ ያለፈ ልጅነት ግን አይመለስም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወረቀት ወስዳችሁ የሳምንታችሁን 168 ሰዓት ጻፉ። በተወሰነው ሰዓት በሙሉ ልብ ሥሩ፤ በተወሰነው ሰዓት መሣሪያውን ዝጉ፤ የዘጋችሁትንም በማዕድ ላይ አትክፈቱ።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
1. ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ሠራችሁ? ስንትስ ተኛችሁ?
2. በዚህ ዓመት ልትማሩት የምትፈልጉት አንድ ነገር ምንድር ነው? በየትኛው ሰዓት?
3. ለአለቃችሁ ልትነግሩት ሲገባ ያልነገራችሁት እውነት አለን?
4. በቤታችሁ ከሁሉ ይልቅ ጊዜያችሁን የሚጠብቅ ማን ነው?