በዱመርሶ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ሬሚንግተን
ስለ አሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃዎችና ስለ አገራችን ታሪክ አጭር ጥናት



ታሪክ የሚገኘው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ የሚመስለን ተማሪዎች ብዙዎች ነን። ስለሆነም አንድን አሮጌ ዕቃ ስናይ ወይ «ቆሻሻ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ወይ «ስንት ያወጣል?» ብለን እንጠይቃለን። ሦስተኛው ጥያቄ ግን፣ ይኸውም «ከየት መጣ? ለምንስ ሥራ ዋለ?» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስተምር ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን በይርጋ ጨፌ አካባቢ ወደምትገኘው ወደ ዱመርሶ ሄደን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ስለ ቡናና ስለ እንሰት እርሻ ለመጠየቅ ነበር እንጂ ስለ ጦር መሣሪያ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው አስገብተው ቡና እስኪፈላ ስንጨዋወት፣ ከምሰሶው ላይ ጢስ ያጠቈረው አንድ ረጅም ጠመንጃ ተሰቅሎ ዐየን። «ሰናድር ነው፤ ጥይት ከጠፋለት ዘመን የለውም» አሉን። ፈቅደውልን አውርደን በጨርቅ ስንወለውለው፣ ከመዶሻው ኋላ ባለው ብረት ላይ በላቲን ፊደል የተቀረጸ ጽሕፈት ብቅ አለ። ግማሹ ተፍቋል። ከቀረው ውስጥ «ሬሚንግተን»፣ «ኢሊየን» እና «ኒውዮርክ» የሚሉትን ለየን። እንግዲህ ጠመንጃው ሰናድር ሳይሆን በአሜሪካ አገር የተሠራ ሬሚንግተን ነበር።

አንደኛ፤ ጠመንጃው ምንድን ነው?

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ወታደር ጠመንጃውን የሚያጐርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ባሩዱንና አረሩን ከላይ ከትቶ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ይህን ለማድረግ ቆሞ መታየት ግድ ስለሚሆንበት፣ አንዴ ተኩሶ ሁለተኛውን እስኪያጐርስ ድረስ ጦረኛ በጦርና በጎራዴ ሊደርስበት ይችላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) ግን በስተኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ ለመሥራት ብዙ ባለሙያዎች ተሽቀዳደሙ።

ከነዚህም አንዱ በኒውዮርክ ግዛት በኢሊየን ከተማ የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ ነው። ጆሴፍ ራይደር የተባለው ባለሙያ ያሻሻለው አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ተኳሹ መጀመሪያ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀጥሎ ከመዶሻው ፊት ያለውን መዝጊያ ብረት ወደ ኋላ ያንከባልላል፤ ጥይቱን ያጐርሳል፤ መዝጊያውን ይመልሳል፤ ከዚያ ቃታውን ይስባል። መዶሻው ሲወድቅ አካሉ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ እንደ መወርወሪያ ስለሚደግፈው፣ ባሩዱ ሲፈነዳ ወደ ኋላ አይከፈትም። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂቶች በመሆናቸው አቧራና ዝናብ ቶሎ አያበላሹትም፤ ብዙ ትምህርት የሌለውም ወታደር በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ከዚህም የተነሣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ስፔንና ግብፅ ይህን ጠመንጃ ለጦራቸው መረጡት። አንዳንዶቹም በፈቃድ በገዛ አገራቸው አሠሩት። ስለዚህ ሬሚንግተን ሁሉ የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ የፋብሪካውን ጽሕፈት ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌው ቃል አንድ ነገር ማለት ይገባል። «ሰናድር» የሚለው ስም የመጣው አሮጌውን የእንግሊዝ ጠመንጃ በስተኋላ እንዲጐርስ አድርጎ ከለወጠው ከጃኮብ ስናይደር ስም ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት ይህንኑ ነበር። ይህ ስናይደር የተባለው ሰው ደግሞ አሜሪካዊ ነው! የአገራችን ሰው የፈረንጁን ስም በገዛ አፉ ቀርጾ ማስቀረት ያውቅበታል፤ የፈረንሳዩን ግራስ ጠመንጃ «ውጅግራ»፣ ማንሊከርን «ምንሽር» ብሎታል። ስለዚህ ሽማግሌው ዓይነቱን ቢስቱም፣ ቃላቸው ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

ሬሚንግተን ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ዋነኛ መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ምርኮ፣ ሁለተኛው ንግድና ውል።

የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል እ.ኤ.አ. በ1869 ወደ 60,000 የሚጠጋ ሬሚንግተን አዘዘ። ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም ከአሜሪካ አስመጣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ሥራ የፈቱ በርካታ መኰንኖች፣ ከሰሜኑም ከደቡቡም ወገን የነበሩ፣ በካይሮ ተቀጠሩ። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ቻርልስ ስቶን የሰሜን ሰው ሲሆን፣ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ግን ለደቡብ የተዋጋ ነበር። በአገራቸው ጠላት የነበሩ ሰዎች በካይሮ ከአንድ ጌታ ደመወዝ በሉ።

ይህ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ሲገፋ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት መቱት፤ አዛዡ ዴንማርካዊው ኮሎኔል አሬንድሩፕም እዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ በራቲብ ፓሻ አዛዥነትና በሎሪንግ ረዳትነት የመጣው ሁለተኛው ጦር በጉራዕ ድል ሆነ። ከሁለቱ የጦር ሜዳዎች የተገኘው ምርኮ በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ነበር። አስቀድሞ አብዛኛው ወታደር ጋሻና ጦር፣ ወይም በአፈሙዝ የሚጐርስ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የዐፄ ዮሐንስና የራስ አሉላ ጦር ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ በሸዋ በኩል ነው። ንጉሥ ምኒልክ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና እየላኩ ከዘይላና ከታጁራ በሚመጡት ሲራራዎች ጠመንጃ ያስገቡ ነበር። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ መጥቷል፤ የሱ ጭነት ግን ያረጀና ያለፈበት ዓይነት ነበር። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ፣ ጣሊያንና ዐፄ ዮሐንስ ሲጣሉ ምኒልክ ገለልተኛ ሆነው እንዲቀመጡ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ውል ተዋዋለ። ጣሊያን በዚህ መንገድ ያጠናከረችው የሸዋ ኀይል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ያደረጋት ጦር ዋና ክፍል ሆነ። በዓድዋ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራና ሬሚንግተን ይገኙባቸው ነበር።

ልብ እንበል፤ የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የወዳጅነትና የንግድ ውል ከኢትዮጵያ ጋር የተፈራረመው በሮበርት ስኪነር አማካይነት በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ጠመንጃ ግን ከአሜሪካ መልእክተኛ 28 ዓመት ቀድሞ አገራችን ገብቶ ነበር።

ሦስተኛ፤ ወደ ጌዴኦ ምን ይዞ መጣ?

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ሁላችንንም ያኰራል። በዱመርሶ ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም።

የምኒልክ ጦር ወደ ጌዴኦ ምድር የደረሰው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘው ጦርና ጦር ወርውሮ የሚከላከለው ገበሬ ሲገናኙ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ደመወዙን በገንዘብ ሳይሆን በሰው ይቀበል ጀመር፤ ይኸውም እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለት ነበር። ገባሩ ያርሳል፣ ይፈጫል፣ ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ትርጓሜው ነፍጥ ያዥ ማለት ብቻ ሲሆን፣ በደቡብ የመሬትና የጉልበት ጌታ ማለት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ ቢቀርም፣ ጭሰኝነቱ ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ደራሳ አውራጃ ይባል በነበረው በዚህ አገር፣ በ1952 ዓ.ም. ጭሰኞች በቡናው ድርሻ ምክንያት ተነሥተው በምችሌ ከባለመሬቶች ጋር ተዋጉ። በአንድ ወገን ጦርና ጎራዴ፣ በሌላው ወገን ጠመንጃ ነበር። ብዙ ሰው አለቀ። መሬት ለአራሹ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ሽማግሌው እንደ ነገሩን፣ አያታቸው በገባርነት ዘመን የጌታቸውን ጠመንጃ ተሸክመው ከበቅሎው ኋላ ይሄዱ ነበር። አባታቸው ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ ከባለመሬቶች ከተሰበሰበው መሣሪያ ይህ ለጥበቃ ደረሳቸው። «አያቴ ሲሸከመው የሰው ነበር፤ አባቴ ሲሸከመው የራሱ ሆነ። ብረቱ ግን ያው ነው» አሉን።

በመመለሻችን መንገድ ላይ እኛ አራቱ ተከራከርን። ከመካከላችን የአንዱ ቅድመ አያት በዓድዋ የዘመቱ ጠመንጃ ያዥ ነበሩ፤ የሌላው ቅድመ አያት ገባር ነበሩ። አንዱ «ይህ የነፃነታችን መሣሪያ ነው» ሲል፣ ሌላው «ለኛ ግን የቀንበራችን መሣሪያ ነው» አለ። ይርጋ ጨፌ እስክንደርስ አልተስማማንም። በመጨረሻ የተረዳነው፣ ሁለቱም እውነት መናገራቸውን ነው። አንድ ዓይነት ጠመንጃ በጉራዕና በዓድዋ ባዕድን መልሷል፤ በዱመርሶ ደግሞ ገበሬውን አስገብሯል። አንዱን ጽፎ ሁለተኛውን የሚተው የታሪክ ተማሪ ግማሽ ጽሕፈት እንደቀረው ብረት ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፣ ክብሩን ስንወርስ ዕዳውንም መቍጠር ይገባናል።

አራተኛ፤ እንዴት ይጠናል?

በአሜሪካ አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብና ማጥናት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ «ጥንታዊ» ይባላል። በኛ አገር ግን የጦር መሣሪያ አያያዝ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ ለተማሪ የሚስማማው መሰብሰብ፣ ብረቱን ሳይሆን ታሪኩን መሰብሰብ ነው። ለዚህም የሚከተለውን እንመክራለን።

1. አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ የጐረሰ ነው ብላችሁ አስቡ። ባለቤቱ ባዶ መሆኑን ከፍቶ ሳያሳይ አትንኩት፤ ለሙከራም ከቶ አትተኩሱት። ያረጀ ብረት ይፈነዳል።

2. ጽሕፈቱን ሁሉ እንዳለ ቅዱ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። የፋብሪካ ስም፣ ቁጥር፣ የአንበሳ ምልክት ወይም የዓረብኛ ጽሕፈት መኖሩን መርምሩ። የዓረብኛ ጽሕፈት ቢገኝ በግብፅ በኩል መምጣቱን ያመለክታል። አለመገኘቱ ግን በግብፅ አለመምጣቱን አያረጋግጥም፤ በዱመርሶው ላይ እኛም ስላላገኘን ብቻ «የሸዋ ሲራራ ያመጣው ነው» ብለን አልፈረድንም።

3. አፈሙዙን ለኩ። የዱመርሶው ወደ 11 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህም በዚያን ዘመን ለነበረው የጥቁር ባሩድ ጥይት የተለመደ ስፋት ነው።

4. ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉ፤ ዝገቱ ሲለቅ ጽሕፈቱም አብሮ ይሄዳል። እኛ በጨርቅ ብቻ ነው የወለወልነው።

5. የባለቤቱን ቃል በገዛ ቋንቋው ጻፉ። ሽማግሌው ዋናውን ነገር የነገሩን በጌዴኦኛ ነው፤ በአማርኛ ሲያወሩን ግን አሳጥረውት ነበር። የሚያውቀው ጓደኛችን ባይኖር ኖሮ የአያታቸውን ታሪክ ባላገኘን ነበር።

6. ለመግዛት አትጠይቁ። ዋጋ የሰማ ሰው ታሪኩን ለዋጋው ማሳመር ይጀምራል። ይልቁንስ ባለቤቱ ለቀበሌውና ለባህል ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ በሕግ የሚጠበቅበትን መንገድ ንገሩት።

አዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቢጎበኝ ይጠቀማል። ሆኖም በሙዚየም ያለው ዕቃ የሚናገረው በላዩ የተጻፈለትን ብቻ ነው። በየገጠሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ግን አሁንም የሚናገርለት ሰው አጠገቡ አለ። ያ ሰው ሲሞት ጠመንጃው ዲዳ ይሆናል፤ ወይም ለአንጥረኛ ይሰጥና ማረሻ ይሆናል። ማረሻ መሆኑ መልካም ነው፤ ታሪኩ ሳይጻፍ መሆኑ ግን ጉዳት ነው።

ስንሰናበት ሽማግሌውን «ይህን ጠመንጃ የሚያስቀምጡት ለክብር ነው ወይስ ለማስታወሻ?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ልጆቼ እንዳይሸከሙት ብዬ ነው የሰቀልኩት፤ እንዳይረሱትም ብዬ ነው ያልጣልኩት» አሉን።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን በአያቶቻችን ቤት ምሰሶ ላይ ያለውን ቀና ብለን እንመልከት፤ ደብተራችንን ይዘንም እንጠይቅ።