የወለል አርማታ ለምትሞሉ ሁሉ ማሳሰቢያ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ ተፍኪ የደረሰ ሰው ግራና ቀኙ የበቾ ሜዳ ነው። ጤፍና ሽምብራ በሚበቅልበት በዚህ ጥቁር አፈር ላይ ዛሬ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ የዶሮ እርባታና አዳራሽ ይሠራል። ሁሉም ሰፊ ወለል ይፈልጋል።

ለምሳሌ 20 በ30 ሜትር የሆነ የመጋዘን ወለል እንውሰድ። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 90 ሜትር ኩብ አርማታ ይበላል። በአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ብናስብ 630 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ በሁለተኛው ክረምት መሐሉ ያበጠ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ወለል ማየት በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ሲሚንቶ ቆጥበውብኝ ነው» ይላል። ዋናው ጥፋተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው፤ ከሥር የገባ፣ በሚክሰር ውስጥ የበዛ፣ ፊቱ ላይ ሳይደርቅ የታሸ ወይም ቶሎ የጠፋ ውሃ። ይህ ማሳሰቢያም ውሃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከተለ የተጻፈ ነው።

ሀ. ከአርማታው በፊት፦ መሬቱ

የበቾ ገበሬ ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ዋልካው (ጥቁሩ አፈር) ይዞ ያቆየው እርጥበት ብቻውን ያበቅልለታል። በጋው ሲከር ደግሞ ያው መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለእርሻ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ለወለል መከራ ነው። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ግድግዳና ዓምድ ክብደት ስላላቸው ትንሽ ይቋቋሙታል፤ መሬት ላይ የተነጠፈ ቀላል ወለል ግን አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል።

1. የዋልካው ጥልቀት ምን ያህል እንደሆነ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ በባለሙያ አስመርምሩ። የጎረቤት ግቢ ውጤት ለእናንተ ግቢ አያገለግልም።

2. መሐንዲሱ እስከሚለው ጥልቀት ድረስ ዋልካውን ቆርጣችሁ አውጡ። ከጉድጓድ የወጣውን ጥቁር አፈር መልሳችሁ ከወለል ሥር አትሙሉ። «ትርፍ አፈር አለ፣ ለምን ሌላ እንገዛለን?» የሚለው ቁጠባ በኋላ ሙሉውን ወለል ያስከፍላል።

3. የምትሞሉት የተመረጠ አፈር (ሰሌክትድ) ይሁን። በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ንብርብር እያነጠፋችሁ፣ በልኩ እያረጠባችሁ በሮለር ጠቅጥቁ። የእያንዳንዱ ንብርብር ጥቅጥቅነት ሳይለካ ቀጣዩን አትድፉ። አንድ ሜትር አፈር በአንድ ቀን ገልብጦ ላዩን ብቻ ማስረገጥ ራስን ማታለል ነው።

4. በተለመደው አሠራር ከአርማታው በታች 25 ሳንቲ ሜትር የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ይገባል። ድንጋዩ ጭቃ ላይ አይደርደር፤ ክፍተቱ በጥቃቅን ድንጋይ ይሞላ። ከላዩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ሁለቱ ጠርዞች ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። በምስማርና በሽቦ የተቀዳደደ ፕላስቲክ ዋጋ የለውም።

5. የወለሉን ከፍታ ከመወሰናችሁ በፊት ሰፈሩን የሚያውቁትን አዛውንት ጠይቁ። «አባባ፣ ክረምት ሲያይል ውሃው እስከ የት ይመጣል?» ማለት ምንም አያስወጣም። አዋሽና ገባሮቹ ክረምት ላይ ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ይህን የበጋ ልኬት ብቻውን አይነግራችሁም።

6. የጣሪያ አሸንዳ ከግድግዳ ሥር እንዲፈስ አታድርጉ። በሕንጻው ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ሥሩ፤ ውሃውንም በቦይ አርቁት። ባሕር ዛፍ ግድግዳ ተጠግቶ አይተከል፤ ሥሩ እርጥበቱን ሲመጥ አፈሩ ይሰበሰብና ወለሉ ይሰምጣል።

ለ. ዕቃው ሲገባ

7. ሲሚንቶው ከሙገርም ይምጣ ከደርባ፣ የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ፤ ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ነው ወይስ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)፣ የጥንካሬ ደረጃው 42.5 ነው ወይስ 32.5? ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ የምታጠጡበትም ጊዜ መርዘም አለበት። ሲሚንቶ መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። የተጋገረውን በመዶሻ ፈጭታችሁ አታስገቡ።

8. አሸዋውን በሃይላንድ (በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ) ፈትኑ። የጠርሙሱን ግማሽ አሸዋ ሞልታችሁ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ፣ በደንብ በጥብጡና ለሦስት ሰዓት ያህል አስቀምጡት። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ከላዩ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። በኢትዮጵያ ደረጃ የጭቃው ጣሪያ 6 በመቶ ነው። ፈተናው መደረግ ያለበት መኪናው ከመገልበጡ በፊት ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ ሻጩን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው።

9. ፌሮው መሬት ላይ ተኝቶ አይሞላ። ስንጥቅን የሚይዘው በወለሉ የላይኛው አጋማሽ ሲሆን ስለሆነ በሲሚንቶ ስፔሰር ወይም በፌሮ እግር ላይ አስቀምጡት። «ሲሞላ በሜንጦ እንስበዋለን» የሚል ቃል አትቀበሉ። የተሳበው ፌሮ የሚረግጠው ሰው ሲመጣ ተመልሶ ይወርዳል።

ሐ. የሙሌት ቀን

10. ሰፊውን ወለል በአንድ ትንፋሽ ለመሙላት አትሞክሩ። የ20 በ30 ሜትሩን ወለል በ4 ሜትር ስፋት አምስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ክፍል 18 ሜትር ኩብ፣ ወደ 126 ከረጢት ይሆናል። አንድ ከረጢት የሚያቦካ ሚክሰር በየአራት ደቂቃ ተኩል ቢገለብጥ ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህ ለአንድ ቡድን የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ያቀደ ሰው መጨረሻውን በጨለማ፣ በደከመ ጉልበት ይሞላል።

11. ውሃን በዓይን አትለኩ። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሩቡ፣ ለደህና አርማታ በቂ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህ ይቀነሳል። አርማታ ደረቅ ሲል ባሬላ ተሸካሚው ይማረራል፣ አንጣፊው «ውሃ ጨምር!» ይላል፣ ፎርማኑም ዝም ይላል። በአንድ ከረጢት ላይ 5 ሊትር ስትጨምሩ ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ገደማ ታጣላችሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሥራው ይቀልላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ወለሉ ግን ሄዷል። እንደልብ የሚፈስ አርማታ ከተፈለገ መሐንዲሱ የሚፈቅደው ማቅጠኛ ኬሚካል አለ።

12. አሸዋና ጠጠር በአካፋ ቁጥር አይሰፈር፤ በመስፈሪያ ሳጥን ይሁን። የጠዋት አካፋና የከሰዓት አካፋ እኩል አይደለም።

13. ቫይብሬተሩ ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። አርማታን በቫይብሬተር እየገፋችሁ ቦታ አታስለውጡ፤ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ውሃና ሲሚንቶው ብቻ ይሄዳል። መለዋወጫ ቫይብሬተርና ጄኔሬተር ሳይዘጋጅ ሥራ አትጀምሩ፤ መብራት የሚጠፋው ሙሌቱ መሐል ላይ ነው።

14. ከጥቅምት እስከ የካቲት የበቾ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ደረቅ ነው። በሰዓት ከካሬ ሜትር አንድ ሊትር ውሃ ከተነነ ወለሉ ገና ሳይጠነክር ፊቱ ይሰነጣጠቃል። በ120 ካሬ ሜትር ክፍል ላይ ይህ በየሰዓቱ ስድስት ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ጀምሩ፣ በነፋሱ በኩል ሸራ ወጥሩ፣ የተስተካከለውን ወዲያው በፕላስቲክ ሸፍኑ።

15. ለፈተና የሚወሰደው ኪዩብ ወለሉ ላይ ከሚፈሰው አርማታ ይቀዳ። ለላብራቶሪ ብቻ ተለይቶ ሲሚንቶ የበዛበት ቡኮ ማዘጋጀት ወረቀቱን ያሳምራል እንጂ የጭነት መኪና አይሸከምም። ቢያንስ ሦስት ኪዩብ ለ7 ቀን፣ ሦስት ለ28 ቀን ያዙ።

መ. ማለስለስ

16. አርማታው ከተስተካከለ በኋላ ውሃ ወደ ላይ ይተፋል። ያ ውሃ ሳይጠፋ ማንም በማለስለሻ አይንካው። ጊዜው መድረሱን የሚነግራችሁ ቦት ጫማ ነው፤ የቆመ ሰው ዱካ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሰምጥ ፍራታሶው ይግባ፣ ከዚያ ሠራተኛው «ሄሊኮፕተር» የሚለው የሞተር ማለስለሻ ይከተል።

17. ውሃውን ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ አትነስንሱ። ለማለስለስ እንዲመችም ውሃ አትርጩ። ሁለቱም ለዕለቱ መስታወት የመሰለ ፊት ይሰጣሉ፤ በዓመቱ ወለሉ ይቀረፋል፣ አቧራው የእህሉ ከረጢት ላይ ያርፋል።

18. የደረቀ ወለል ላይ ስስ ሊሾ በመደረብ ጉድለትን ለመሸፈን አታስቡ። ጋሪና ፎርክሊፍት የሚመላለስበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለው ሊሾ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል።

19. ወለሉ መሰንጠቁ ስለማይቀር የሚሰነጠቅበትን ቦታ እናንተ ምረጡለት። በየ4 ሜትሩ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር በመጋዝ ቁረጡ። ሲቆረጥ ጠጠሩ ከተነቀለ ገና ነው፣ ቆዩ፤ ነገር ግን ማግስቱን አታሳልፉ። በዓምዶቹ ዙሪያ ወለሉን ከዓምዱ የሚለይ ፎም አስገቡ።

ሠ. ከሙሌት በኋላ

20. ኦፒሲ ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ 14 ቀን ወለሉ ሳይደርቅ ይቆይ። እርጥብ ጆንያ፣ ፕላስቲክ፣ ወይም ዙሪያውን በአሸዋ ከልሎ ውሃ ማቆር ሁሉም ይሆናል። ጠዋት አርሶ ከሰዓት ማድረቅ ግን አይሆንም።

21. ውሃ ማጠጣት ብዙውን ጊዜ የሚጣለው በዘበኛው ላይ ነው። እንግዲያው ሥራውን በግልጽ ንገሩት፣ ቧንቧ ስጡት፣ ለዚህም ክፈሉት። «እግረ መንገድህን አጠጣ» የተባለ ዘበኛ ወለሉ ቢደርቅ ተጠያቂው እሱ አይደለም።

22. እስከ 28 ቀን የጫነ መኪና አይግባ። ቆርቆሮና ብረት ለመከመርም አትቸኩሉ።

ረ. ሠራተኛው

23. እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቁስሉ የሚታወቀው ግን ማታ ነው። ተንበርክኮ የሚያለሰልሰው ሰው ጉልበቱ ላይ መከላከያ፣ የሚያቦካው ሰው ጓንትና የላስቲክ ቦት ያስፈልገዋል። መታጠቢያ ንጹሕ ውሃ በቅርብ ይቀመጥ። ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው በብዙ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

24. የቫይብሬተርና የሄሊኮፕተር ገመድ በፕላስተር የተቀጣጠለ አይሁን፣ ውሃ ውስጥም አይጎተት።

25. በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቀጠርም፤ 18 ያልሞላው ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። ሥራው ሲመሽ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ 1.75 እጥፍ ይሆናል። ባሬላ የምትሸከም ሴትና ባሬላ የሚሸከም ወንድ የቀን ሒሳባቸው እኩል ይሁን።

ሰ. ጎረቤትና መንገድ

26. ለ630 ከረጢት የሚሆነው ውሃ ብቻ ወደ 16 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 800 ጀሪካን ገደማ ነው። ከሰፈር ቦኖ አትቅዱት። ቀደም ብላችሁ በቦቴ አስመጡ ወይም ማታ ማታ በታንከር አጠራቅሙ፤ እናቶች ጠዋት ባዶ ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት በእናንተ ወለል ምክንያት መሆን የለበትም።

27. አሸዋና ጠጠር አስፋልት ዳር አትገልብጡ። የጅማ መንገድ ቀንም ሌሊትም የጭነት መኪና ያልፍበታል፤ ለባጃጅ የቀረችው ጠርዝ የእናንተ መጋዘን አይደለችም።

28. ሚክሰርና አካፋ የታጠበበትን ውሃ ቦይ ውስጥ አትልቀቁ። እጣቢው ለሣርም ለከብትም ጎጂ ነው፤ የቀረው ሲሚንቶ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ይጠነክርና ክረምት ሲመጣ ውሃውን ወደ ጎረቤት ቤት ይመልሰዋል። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ እጠቡ፤ ሲደርቅ ሰብራችሁ ለመሙያ ተጠቀሙበት።

29. ግቢያችሁን ከፍ ስታደርጉ ድሮ በእናንተ በኩል ያልፍ የነበረው ጎርፍ በማን በኩል እንደሚያልፍ አስቡ። ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን ዋልካም ሰው ማሳ ጠርዝ ላይ ወይም ወንዝ ዳር አትድፉ፤ ለአትክልት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፣ አነጋግሩ።

በመጨረሻ፣ ሚክሰሩ ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር በሁሉም ፊት ይነገር፤ «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ውሃ ሲበዛ፣ ዝናብ ሲመጣ፣ ቫይብሬተር ሲበላሽ ወይም ሰው ሲጎዳ ይህ ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሥራውን ያቆማል። በቀን የሚከፈለው ፎርማን ሥራ በማስቆሙ ሒሳቡ የሚቆረጥበት ከሆነ አያስቆምም። ባለቤቶች ሆይ፣ የዚያን ቀን ሒሳብ ሥራው ቢቆምም እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው።