ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ገዢ ከዳሽቦርዱ ምን ያነባል?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቤንዚን መኪና ፈላጊ ፊቱን ያዞረው ከእጅ ወደ እጅ ወደሚዞረው ያገለገለ መኪና ነው። ከእነዚህ መካከል አውቶማቲኮቹ ጥቂት አይደሉም። ቀለሙ፣ ጎማውና ወንበሩ በዓይን ይታያል፤ ካምቢዮው አይታይም። ገዢውን በኋላ ከባድ ወጪ ውስጥ የሚከተው ግን ይኸው የማይታየው ክፍል ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ለሁሉም የጥርጣሬ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደህና መኪና የያዘው “አልሸጥም” ብሎ ይወጣና ገበያው ለተበላሸው ይቀራል። ምሁሩ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። “አውቶማቲክ ነው፣ ካምቢዮው ከሄደ አለቀ” እየተባለ ዋጋ የሚሰበርበት ባለመኪና ጥናቱን ባያነብም ነገሩን በኪሱ ያውቀዋል።

መረጃውን ለማግኘት የመጀመሪያው ቦታ ዳሽቦርዱ ነው። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳም መጥፋት አለበት። ብዙ ገዢ የሚፈራው የበራውን ነው፤ ጭራሽ የማይበራው ግን ይብሳል፤ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በቆዩ ቶዮታዎች ላይ ያለው “ኦ ዲ ኦፍ” የሚል መብራት ዝም ብሎ ከበራ አሽከርካሪው የመጨረሻውን ማርሽ በቁልፍ ዘግቶታል ማለት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለ ግን የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ችግር መዝግቧል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ገዢ ደህናውን ጥሎ የታመመውን ሊመርጥ ይችላል።

መብራት በኮምፒውተር ይጠፋል፤ ብልሽቱ ግን አብሮ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎች ግዴታ የሆነው “ኦ ቢ ዲ 2” የተባለው ሥርዓት ባላቸው መኪኖች ላይ ኮድ ሲሰረዝ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎችም “አልተጠናቀቀም” ወደሚል ይመለሳሉ። ስለዚህ መካኒኩ “ኮድ የለውም” ቢል አይበቃም። ምርመራዎቹ ተጠናቀው እንደሆነ ይጠየቅ። ካልተጠናቀቁ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተፈትቷል።

ከዚህ በኋላ መንዳት ነው። ገዢው ሲደርስ ኮፈኑን በእጁ ይዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ፍሬን ተይዞ ማርሹ ከ“ፒ” ወደ “አር”፣ ከዚያም ወደ “ዲ” ሲገባ መኪናው ቢዘገይ ወይም በኃይል ቢደነግጥ ጥሩ ምልክት አይደለም። አንዳንዱ ችግር ዘይቱ ሲሞቅ ብቻ ስለሚወጣ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር መዞር ዋጋ የለውም። ወደ እንጦጦ ዳገት መውጣት ይሻላል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። የዘይት መለኪያ ያለው ከሆነ ዘይቱ ይታይ። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ውስጥ ያሉት ሸራዎች ተበልተዋል፤ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል።

በሌላ በኩል መብራት በበራ ቁጥር “ካምቢዮ ይቀየር” የሚሉ ጋራዦችም አሉ። “ፒ 0700” የሚባለው ኮድ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ችግር መዝግቧል ከማለት በስተቀር የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም። ዝርዝሩ የሚገኘው አብረውት ከሚቀመጡት ኮዶች ነው። ጥፋቱ የአንድ ሽቦ፣ የሴንሰር ወይም የሶሌኖይድ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጣራ ሙሉ ካምቢዮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው የሚገዛውም ያገለገለ፣ ውስጡ ያልታየ ዕቃ ነው። ሠርቶ ካልተገኘ በስንት ቀን እንደሚመለስና የማውረጃና የመግጠሚያውን ዋጋ ማን እንደሚችል ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ ክርክሩ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ይጀመራል።