ከታመመ የበቆሎ ቅጠል ቫይረስን ለይቶ ለማንበብ የሪቦሶም አር.ኤን.ኤ.ን ስለ ማስወገድ

የልማት ሠራተኞች የታመመ የበቆሎ ቅጠል ወደ ላቦራቶሪ ሲልኩ ፈጽሞ የደረቀ እንዳይሆን ይነገራቸዋል። ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አር.ኤን.ኤ. ነው።

የአብዛኞቹ የዕፅዋት ቫይረሶች ዘር የተጻፈው በአር.ኤን.ኤ. ነው። ሆኖም ከቅጠል ከሚወጣው ጠቅላላ አር.ኤን.ኤ. ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሪቦሶም፣ ማለትም የሴሉ የፕሮቲን መሥሪያ ክፍል ነው። ክሎሮፕላስትም የራሱ ሪቦሶም አለው። ለንባብ የሚዘጋጀው ናሙና፣ በሙያው አነጋገር ላይብረሪው፣ ይህን ሁሉ ይዞ ወደ መሣሪያው ቢገባ እህልን ከነገለባው እንደ መስፈር ይሆናል፤ ገንዘቡ የታወቀውን ደጋግሞ ለማንበብ ይውላል፣ ጥቂት የሆነ ቫይረስም ሳይታይ ያልፋል።

ይህን ለማቃለል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጫፋቸው «ኤ» የተባለው ፊደል ተደጋግሞ እንደ ጅራት የተቀጠለላቸውን አር.ኤን.ኤ.ዎች ብቻ መርጦ መያዝ ነው። ሁለተኛው ሪቦሶሙን ራሱን ማስወገድ ነው፤ ይኸውም ከሪቦሶም አር.ኤን.ኤ. ጋር የሚጣመሩ አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች ይጨመሩና ጥምሩ በማግኔት ይሳባል፣ ወይም አር.ኤን.ኤዝ ኤች በተባለ ኤንዛይም አር.ኤን.ኤ.ው ይቆራረጣል። ቁራጮቹ ለዕፅዋት የተዘጋጁ መሆን አለባቸው፤ ለሰው ወይም ለአይጥ የተሠሩት የክሎሮፕላስቱን አያነሡም።

ምርጫው የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በ2014 ደግሞ በኢትዮጵያ የታየው የበቆሎ ገዳይ በሽታ የሚነሣው ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ ከሌላ ቫይረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ጋር ተባብሮ ሲያጠቃ ነው። የሸንኮራ አገዳው ቫይረስ የ«ኤ» ጅራት አለው፤ ክሎሮቲክ ሞትል ግን የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያው መንገድ የተሠራ ናሙና አንዱን አሳይቶ ዋናውን ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ውጤት የተቀበለ ማኅበር ክሽክሽን ሲከላከል ይከርማል፤ ክሎሮቲክ ሞትልን የሚያዛምቱት ግን ትሪፕስና ጥንዚዛ ናቸው፣ በመጠኑም ዘሩ ራሱ። በእኔ አስተያየት ለቫይረስ ፍለጋ ሁለተኛው መንገድ ውድ ቢሆንም ይመረጣል።

የበሰበሰ ቅጠል ግን ይህንንም መንገድ ያበላሻል። ሻጋታና ባክቴሪያ የየራሳቸውን ሪቦሶም ይዘው ይገባሉ፤ ለበቆሎ የተሠራው ቁራጭም በሙሉ አያነሣቸውም። በመሆኑም ናሙናው ከለጋ ቅጠል፣ ዝንጉርጉርነቱ ከሚታይበትና ገና ካልሞተው ክፍል መወሰድ አለበት። ምላጩ ከተክል ወደ ተክል ሲሄድ ይጠረግ። ከዚያው ማሳ ጤነኛ ከሚመስል ተክልም አንድ ቅጠል ለብቻው ይታሸግ። በበረዶ ሣጥን በቶሎ መላክ ይሻላል፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ በሲሊካ ጄል ወዲያውኑ ማድረቅ ይቻላል፤ በፀሐይ ማድረቅ ግን አይገባም። የዝርያው ስም፣ ቀኑ፣ ቀበሌውና ዘሩ የመጣበት ቦታ ይጻፍ።

«ቫይረስ አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ፣ ዘሩ ለአባላት ከመከፋፈሉ በፊት ናሙናው በየትኛው መንገድ እንደ ተዘጋጀ ላቦራቶሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል።