አበባ የሚሸጥ ሰው ቀኑን እንዴት ይቆጥራል?

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የፍልውኃን አካባቢ ወድደው ሰፈሩን «አዲስ አበባ» ማለታቸውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። ይሁን እንጂ አበባ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ መሆኑ ለብዙዎቻችን ቤተሰቦች የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አያቶቻችን አበባን የሚያውቁት በመስከረም ከሜዳ ሲቀጠፍ፣ ልጃገረዶች አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆችም በወረቀት የሣሉትን አበባ ለዘመድ አዝማድ ሲያበረክቱ ነው። በበዓል ዋዜማ ቄጤማና አደይ በየመንገዱ ይሸጥ እንደ ሆነ እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ ኪራይ እየከፈለ አበባ ብቻ ሸጦ የሚያድር ሰው ለእነርሱ እንግዳ ነበር።

በጥናት ክፍላችን ስለ ዕለት ሥራና ስለ እንጀራ ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ ወንድም፣ «በሳምንት ለሚደርቅ ነገር ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው፤ የሚሸጠውም ሰው ብክነት ነው የሚሸጠው» ብሎ ተነሣ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «እንጀራም እኮ ሰንበት ሲል ይሻግታል» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ በአዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ አልሆነም። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ለሦስት እየሆንን ተራ በመግባት ወደ አንዲት ባለ አበባ ቤት መመላለስ ጀመርን። ሱቃቸው በፎቶግራፍ ቤትና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እዚህም ልክ በአፋችን እንደምንጠራቸው «እትዬ» እንላቸዋለን።

በመጀመሪያ የተማርነው የአበባ ቤት ሥራ የሚጀመረው ገዥ ሳይመጣ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑን ነው። ጽጌረዳው በጥቅል በጥቅል ሆኖ ገና ሳይነጋ ይደርሳል። እትዬ ጥቅሉን ይፈቱና ከእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል፣ ውኃ ውስጥ እንደ ያዙት፣ አሰያፈው ይቆርጣሉ። ከውኃው በታች የሚውለውን ቅጠል ሁሉ ያራግፋሉ። «ለምን?» ስንላቸው «የተቆረጠ አበባ ወዲያው አይሞትም፤ ይጠማል እንጂ» አሉን። ነገሩ እውነት ነው። ዘንጉ በደረቁ ሲቆረጥ አየር ወደ ውኃ መሳቢያ ቧንቧዎቹ ይገባና ይዘጋቸዋል፤ አበባው ባልዲ ሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። ውኃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ሲበሰብስ የሚራቡት ተሕዋስያንም እነዚያኑ ቧንቧዎች ይደፍናሉ። ስለዚህ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፣ ባልዲው ይፈገፈጋል።

ሱቅ ውስጥ ሙዝ መብላት ክልክል ነው። ረዳታቸው ቁርሷን ደጅ ቆማ ስትበላ ያየ ከእኛ አንዱ ነገሩ ቁጣ መስሎት ነበር። ኋላ ሥነ ሕይወት የምታጠናው እኅታችን እንዳስረዳችን፣ የሚበስል ሙዝ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል፤ ይህ ጋዝ አበባንም ያስረጀዋል፤ በተለይ ካርኔሽን አይችለውም። እትዬ የጋዙን ስም ሰምተው አያውቁም። እኛ ከመጽሐፍ ያገኘነውን እሳቸው ያገኙት ከከሰረ ዕቃ ነው።

ስለ አበባው አገር ጥቂት እንበል። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እንቡጡ ትልቅ፣ ዘንጉም ረጅም ይሆናል። እንደ ዝዋይ ባለ ሞቃት ስፍራ ግን ቶሎ ይደርሳል፤ እንቡጡ አነስ ይላል፣ ከአንድ መደብ የሚቆረጠው ብዛት ግን ይበልጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እርሻዎቹ እየተስፋፉ ሄደው አገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆናለች፤ የሚበዛውም ጭነት በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል። ለከተማው ሱቅ በብዛት የሚደርሰው ዘንጉ ያጠረው ወይም ቅጠሉ የተነካው ነው። በዝዋይ ሐይቅ ውኃና በእርሻዎቹ በሚረጨው መድኃኒት ላይ የሚነሣው አቤቱታ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው፤ ከጥናት ክፍላችን አንድ ሰው ቢያነሣው ደስ ይለናል።

የእትዬ ዓመት የሚከፈለው በሠርግና በጾም ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት ሠርግ በሠርግ ናቸው፤ የሙሽራዋ እቅፍ፣ የመኪናው ጌጥ፣ የአዳራሹ ጠረጴዛ። ጾሙ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም፤ እንደገና የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። በመካከሉ ቤቱን የሚያቆመው የልደትና የሕመምተኛ ጥየቃ አበባ፣ ይልቁንም የኀዘን ጉንጉን ነው። የካቲት 12 ለስድስት ኪሎው፣ ሚያዝያ 27 ለአራት ኪሎው ሐውልት ጉንጉን የሚያዝዙም አሉ። ክረምት ሲገባ የምረቃ ተራ ይሆናል። በዚያን ቀን እያንዳንዱ ተመራቂ ለፎቶግራፍ የሚይዘው እቅፍ ስንት ሌሊት እንዳስነሣ ከእኛ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ማን አስቦ ያውቃል?

በ2012 ዓ.ም. ግን ሁለቱም በር ተዘጋ። በመጋቢት ወር የኮሮና በሽታ መግባቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከፋሲካ በኋላ ይደረጉ የነበሩ ሠርጎች ተላለፉ፤ ቀብሩም በጥቂት ሰው ሆነ። የአውሮፓም ገበያ በዚያው ወር ስለ ወደቀ የተቆረጠ አበባ ገዥ አጥቶ ይጣል ነበር። እትዬ ያን ጊዜ በሸክላ የተተከሉ ተክሎችን እያጠጡ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀመጡ። «ሰው ሳይሰበሰብ አበባ ምን ያደርጋል?» አሉን። የኪራዩ ዕዳ ስንት ዓመት እንደ ተከተላቸው ግን ሊነግሩን አልወደዱም።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ዋጋ ነው። ሠርገኛ ይከራከራል። ሚዜው፣ እናትየዋ፣ አክስትየዋ በተራ እየመጡ፣ ስልካቸው ላይ ያለውን ሥዕል እያሳዩ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዋጋ ያስቀንሳሉ። ሌላ ሱቅ ሄደው ጠይቀው ይመለሳሉ። እትዬም ይህን ስለሚያውቁ ከፍ አድርገው ይጀምራሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ምንም አይከብዳቸውም። ኀዘንተኛ ግን አይከራከርም። ጠዋት መጥቶ ለቀትር ቀብር ጉንጉን ያዝዛል። በጉንጉኑ መከራከር በሟቹ መከራከር ይመስለዋል። የተባለውን ያህል ከኪሱ አውጥቶ፣ አንዳንዴም ሳይቆጥር፣ ይሰጣል።

ባለ ሱቅ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ቀኑን ሙሉ ስንት ትርፍ ሊያገኝበት እንደሚችልም ያውቃል። በእትዬ ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል፤ የትልቁ፣ የመካከለኛውና የትንሹ ጉንጉን ዋጋ በእስክሪፕቶ ተጽፎበታል። ሌላ ዋጋ የተጻፈበት ነገር በሱቁ የለም። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ሽቦውን በጥድ ቅጠል እየጠመጠሙ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ሠርገኛ አፍ አለው። ኀዘንተኛ አፉ ተይዟል። ካርቶኑ ይናገርለት ብዬ ነው።»

ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ወንድማችን በዚህ አልረካም። «እትዬ፣ ዋጋ ማለት እኮ ገዥው ሊከፍል የፈቀደው ነው» አላቸው። እሳቸውም «ፈቅዶ መች ከፈለ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እኛ ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ሁሉ ስንከራከር ሄድን። አንዳንዶቻችን ከሠርገኛው የሚተርፈው ለኀዘንተኛው የሚደጎምበት ስለሆነ ፍትሕ አለበት አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ድሃ ሠርገኛ መኖሩን፣ ሀብታም ኀዘንተኛም መኖሩን አነሣን። ይህ የኋለኛው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እትዬ የሚመዝኑት ሀብትን አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ሰውዬው «አይሆንም» ለማለት ይችል እንደ ሆነ ነው። በእኛ አስተያየት ትክክለኛውን ነገር መዝነዋል።

ካርቶኑም የቆመ አልነበረም። በተመላለስንበት ጊዜ ኪራይ ስለ ጨመረባቸው ዋጋው ሁለት ጊዜ ተለወጠ። አዲስ ካርቶን መጻፍ ሲችሉ የድሮውን ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ሰርዘው አዲሱን ከጎኑ ጻፉ፤ የተሰረዘው በግልጽ ይነበባል።

እንግዲህ እትዬ በሁሉ ነገር እንደዚህ ናቸው ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ሦስት ባልዲ አለ፤ የዛሬ፣ የትናንትና፣ የትናንት ወዲያ። የቀኑን ልዩነት ባለ ሱቁ ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ጽጌረዳ ሲሰነብት የውጪዎቹ ቅጠሎች ይጠቁራሉ፤ እነርሱን ላጥ ላጥ ሲያደርጉት አበባው ዛሬ የመጣ ይመስላል። ይህ በሙያው የተለመደ ነው፤ የዛሬውም ቢሆን በመንገድ የተጎዳ ቅጠሉ ይነሣለታል። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ አንድ ወጣት ለእጮኛው ልደት እቅፍ ሲያዝዝ ከሦስተኛው ባልዲ ሲሠሩለት አየን። ከሄደ በኋላ «እትዬ፣ ቀኑን ቢነግሩት ምን ነበረበት?» አልናቸው።

«ለዛሬ ማታ ነው የፈለገው፤ ለዛሬ ማታ ይደርሳል።»

«ነገስ?»

«መቼ ጠየቀኝ?»

በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ እስከ መጨረሻውም ሳንስማማ ቀረን። አፉ የተያዘ ሰው ኀዘንተኛ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀውን የማያውቅም ሰው አፉ ተይዟል። የካርቶኑ ሐሳብ እስከ ባልዲዎቹ ቢደርስ መልካም ነበር እንላለን። ይህንኑ ለራሳቸው ነገርናቸው። «እናንተ ስትከፍቱ ትጽፉበታላችሁ» ብለው ሳቁብን። ሆኖም ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ወይዘሮ «እስከ ማክሰኞ ይቆይልኛል?» ብላ ስትጠይቃቸው እጃቸውን ከሦስተኛው ባልዲ መልሰው ከመጀመሪያው ሲያወጡ አይተናል።

ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር ከእሳቸው ተምረናል። ጽጌረዳ ስትገዙ እንቡጡን ከሥሩ፣ ከዘንጉ ጋር ከሚገናኝበት ከፍ ብሎ፣ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ጠንከር ካለ ገና ነው፤ ከለሰለሰ ሰንብቷል። ይህን ያሳዩን ራሳቸው ናቸው፤ «ለገዥ ሁሉ ካስተማራችሁብኝ ሱቁን ትዘጉታላችሁ» እያሉ።

ብክነት ነው ብሎ የተነሣው ወንድማችን ግን ሐሳቡን ጨርሶ አልለወጠም። አሁንም ለራሱ ልደት አበባ ከመቀበል መጽሐፍ ይመርጣል፤ ይህም መብቱ ነው። የለወጠው የፕላስቲኩን ጉዳይ ብቻ ነው። ዘላቂ ስለሆነ ሰው ሠራሽ አበባ ይሻላል ይል ነበር። አንድ ቀን እትዬን «ለምን እርሱን አይሸጡም? አይበላሽብዎትም» አላቸው። እሳቸውም መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ አንድ የፕላስቲክ እቅፍ አሳዩት። ከአራት ዓመት በፊት ለሙከራ ያመጡት ነው። «ይኸው፣ አልተበላሸም፤ አልተሸጠምም» አሉት።

በአራተኛው ቀን ጽጌረዳው ለእቅፍም ለጉንጉንም አይሆንም። ሠርግ ባለበት ሳምንት አርብ ማታ እትዬ ከሦስተኛው ባልዲ የተረፈውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቅጠሉን ይለቅማሉ፤ ለሙሽሮች መተላለፊያ የሚበተነው እርሱ ነው። በግንቦት አንድ አርብ ለአንድ ትልቅ ሠርግ ሥራ ስለ በዛባቸው አራት ሆነን ሄደን ለቀምን። ቀዩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። የጠቆረውን ጫፍ በጥፍር ቀንጥሶ መጣል፣ ከእንብርቱ የሚረግፈውን ብናኝ አለማስገባት። ከረጢቱ ሲሞላ አንዳችን አፉን አጥብቆ ሊያስረው ሲል እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ፍታው! ከታሰረ ያልበውና እስኪነጋ ይጠቁራል። አፉን ከፍተህ መስኮቱ ሥር አስቀምጠው።»